የአቅጣጫ ስሞችና ታሪክ በስዊድን አገር



የአቅጣጫ ቃል ለመንገደኛና ለመርከበኛ ብቻ የሚያገለግል ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአገርና የባሕር ስም በሆነ ጊዜ፥ ስሙን ያወጣው ሕዝብ በየት ቆሞ ዓለምን ይመለከት እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰነድ ይሆናል። የስዊድን ቋንቋ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

ስዊድናውያን ሰሜንን «ኖር»፥ ደቡብን «ሰደር»፥ ምሥራቅን «ኧስተር»፥ ምዕራብን «ቬስተር» ይሏቸዋል። የምሥራቁ ቃል በጥንተ ዘሩ ከንጋት ጋራ የተዛመደ ነው። የእኛም «ምሥራቅ» ሠረቀ፥ ማለት ወጣ፥ ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ የተራራቁ ቋንቋዎች በፀሐይ መውጫ ተገናኝተዋል።

ቃላቱ በዕለት ኑሮም ይሠራሉ። የስቶክሆልም ሰው «በሰደር እኖራለሁ» ቢል ሰደርማልም የተባለውን የከተማውን ደቡባዊ ደሴት ማለቱ ነው። ኖርላንድ፥ ማለት የሰሜን ምድር፥ ከአገሪቱ ስፋት ከግማሽ በላይ ይይዛል። ኖርድሉንድና ሰደርሉንድ የሚባሉት የቤተ ሰብ ስሞች እንኳ የሰሜን ጫካና የደቡብ ጫካ እንደ ማለት ናቸው።

ዋናው የታሪክ ቁም ነገር ግን በባሕሩ ዳር ይገኛል። ስዊድናውያን የባልቲክን ባሕር «ኧስተርሸን»፥ የምሥራቅ ባሕር ይሉታል፤ በምሥራቃቸው ነውና። ከማዶ ያሉት ኤስቶናውያን «ላኔሜሪ»፥ የምዕራብ ባሕር ይሉታል፤ ይህም ትክክል ነው። ፊንላንዳውያን ግን ባሕሩ በምዕራባቸውና በደቡባቸው ተዘርግቶ ሳለ «ኢታሜሪ»፥ የምሥራቅ ባሕር ብለው ይጠሩታል። ምክንያቱስ ምንድን ነው? ፊንላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት በስዊድን መንግሥት ሥር ስለ ነበረች፥ ስሙ ከስዊድን ቋንቋ ተተርጕሞ ገባ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ስዊድን በጦርነት ተሸንፋ ፊንላንድን ለሩሲያ ለቀቀች፤ ፊንላንድም በ1917 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች። ድንበሩ ተለወጠ፥ ስሙ ግን ጸና። ዛሬም ኧስተርቦተን፥ ማለት ምሥራቅ ቦትኒያ፥ የሚገኘው በፊንላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው፤ ቬስተርቦተን፥ ማለት ምዕራብ ቦትኒያ፥ ደግሞ በስዊድን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል። ስሞቹ የወጡት ባሕረ ሰላጤውን በመካከል አድርጎ ሁለቱንም ዳር በአንድ ዘውድ ሥር ያይ በነበረ ዓይን ነውና።

እንግዲህ ካርታ በፊታችሁ በተዘረጋ ጊዜ፥ ቦታው ወዴት እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ስሙን ያወጣለት ከወዴት ቆሞ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። መንግሥት ያለፈበትን ድንበር ቃል ሳይለቅ ይጠብቀዋልና።