ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ቀለበት

በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል እልባት ያላገኘ አንድ የቆየ ክርክር አለ። የተወደደ መጽሐፍ ፊልም ሲሆን ያተርፋል ወይስ ይከስራል? ይህን ክርክር እንደ «የቀለበቶቹ ጌታ» ያጋጋለ ሥራ ብዙ አይገኝም። ፊልሙን ያየ ሁሉ ስለ ሰይፉና ስለ ፈረሰኛው ያወራል። ታሪኩ ሲኒማ ቤት እስኪደርስ የተጓዘውን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መንገድ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1892 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴይን ከተማ ተወለደ። በአራት ዓመቱ አባቱን፣ በ12 ዓመቱ እናቱን በሞት አጣ። በ1916 በሶም የጦር ግንባር ተሰለፈ፤ ያ ጦርነት ከልብ ወዳጆቹ አብዛኞቹን ነጠቀው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የፈጀው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ እንግሊዝኛን በማስተማር ነው። ቶልኪን ከወጣትነቱ ጀምሮ ቋንቋ የመፍጠር ሱስ ነበረበት። ቋንቋው ተናጋሪ ሕዝብ ፈለገ፤ ሕዝቡ አገር ፈለገ፤ አገሩ ታሪክ ፈለገ። በ1937 «ሆቢት» የተባለው መጽሐፉ ሲወደድለት አሳታሚው ተከታይ ጠየቀ። ተከታዩን ለመጻፍ 12 ዓመት ያህል ፈጀበት። ሥራው ለቶልኪን አንድ ወጥ መጽሐፍ ነበር። ይሁንና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ተወድዶ ስለነበር አሳታሚው ከሦስት ከፍሎ በ1954 እና በ1955 አወጣው። ይህችን የወረቀት ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ላይ ትመለሳለች።

የፊልም ሰዎች መምጣት የጀመሩት መጽሐፉ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1958 ቶልኪን አንድ የፊልም ረቂቅ ቀርቦለት መስመር በመስመር ተቸው። ጉዞው ያለ ቅጥ ይቻኮላል፤ ንስሮቹ ያለ ቦታቸው ይበርራሉ፤ ጸሐፊው ከታሪኩ ልብ ይልቅ ድብድቡን ወዶታል፤ ቅሬታው ይህን ይመስል ነበር። ያም ሆኖ በ1969 የፊልም መብቱን ለዩናይትድ አርቲስትስ ኩባንያ ሸጠ። ኩባንያው ይዞት ተቀመጠና በ1976 መብቱ ወደ ፕሮዲዩሰሩ ሶል ዜንትስ ተላለፈ። በ1978 ራልፍ ባክሺ በሥዕል የተሠራ ፊልም አወጣ፤ ታሪኩን ግን እኩሌታው ላይ አቋረጠው። ቀጣዩ ክፍል ሳይሠራ ቀረ።

ያን ጎደሎ ፊልም ካዩት መካከል ፒተር ጃክሰን የሚባል የኒውዚላንድ ልጅ ይገኝበታል። ፊልሙ መጽሐፉን እንዲገዛ አደረገው፤ በረጅም የባቡር ጉዞ ላይም አነበበው። ጃክሰን የፊልም ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። የመጀመሪያ ፊልሙን ከጓደኞቹ ጋር በዕረፍት ቀናት እየቀረጸ አራት ዓመት ለፍቶበት በ1987 ጨረሰ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ጃክሰንና የሕይወት አጋሩ ፍራን ዎልሽ ሐሳቡን ያነሡት በ1995 ነው። ሚራማክስ ኩባንያ በሁለት ፊልም እንዲሠራ ተስማማ። በ1998 ወጪው ሲሰላ ግን ሚራማክስ ደነገጠና ሁሉም በአንድ ፊልም ይጠቅለል አለ። ጃክሰን እምቢ አለ። ሌላ ገዢ እንዲፈልግ የተሰጠው ጊዜ አራት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ገዢውም ሚራማክስ እስከዚያ ያወጣውን ሚሊዮኖች ወዲያው መክፈል ነበረበት። በር ያንኳኳባቸው ኩባንያዎች መለሱት። በመጨረሻ የኒው ላይን ኩባንያ መሪ ሮበርት ሼይ አደመጠውና፣ መጽሐፉ ሦስት ሆኖ ሳለ ስለምን ሁለት ፊልም ትጠይቃለህ አለው። የወረቀት ውድነት የከፈለው መጽሐፍ ከ40 ዓመት በኋላ ለፊልሙ ሦስት ክፍል አስገኘለት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሥራ ታሪክ ነው። በማታማታ አጠገብ ባለ አንድ የእርሻ ቦታ የኒውዚላንድ ጦር ሠራዊት መንገድ ጠረገ። የሆቢቶቹ መንደር ዕድሜ ያለው እንዲመስል አበባና አትክልቱ ከቀረጻው አንድ ዓመት አስቀድሞ ተተከለ። መጽሐፉን ለዓመታት በሥዕል ያስዋቡት አለን ሊ እና ጆን ሃው ተጠርተው መጡ። በሪቻርድ ቴይለር የሚመራው የዌታ ወርክሾፕ ሠራተኞች ለጥሩር የሚሆኑትን ቀለበቶች ከፕላስቲክ ቱቦ እየቆረጡ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን አንድ በአንድ በእጅ አያያዙ። ስቲቨን ሬጀለስ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የኮምፒዩተር ወታደር እያንዳንዱ በራሱ እንዲዋጋ የሚያደርግ ፕሮግራም ፈጠረ። ሦስቱ ፊልሞች በአንድነት የተቀረጹት ከኦክቶበር 1999 እስከ ዲሴምበር 2000 በ274 ቀናት ነው። የመጀመሪያው ቢወድቅ የቀሩት ሁለቱም ተሠርተው አልቀዋልና የኩባንያው ዕጣ በአንድ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አልወደቀም። ፊልሞቹ በ2001፣ በ2002 እና በ2003 በየተራ ወጡ። የመጨረሻው በ2004 በታጨባቸው 11 የኦስካር ዘርፎች ሁሉ አሸነፈ። ሦስቱ በድምሩ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገኙ። ወዲያው የድርሻ ጠብ ተከተለ። ጃክሰን በ2005 ኒው ላይንን ከሰሰ፤ የቶልኪን ወራሾችም በ2008 ድርሻችን አልተከፈለንም ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ። ሁለቱም ጉዳይ በስምምነት ተዘጋ። በ2020 ያረፈው የደራሲው ልጅ ክሪስቶፈር ቶልኪን ግን ቅሬታው ከገንዘብ ያለፈ ነበር። የአባቴን መጽሐፍ አንጀቱን አውጥተው የጎረምሶች የድብድብ ፊልም አደረጉት ባይ ነበር።

ፍርዱ ቀላል አይደለም። ጃክሰን ከተዋቸው ክፍሎች አንዱ ሆቢቶቹ ከጦርነት ሲመለሱ መንደራቸው ተዘርፎ፣ ዛፉ ተቆርጦ የሚያገኙበት ምዕራፍ ነው። በፊልሙ መንደሩ እንደ ነበረ ይጠብቃቸዋል። ከሶም የተመለሰው ቶልኪን ግን የሚተርፍ ሰው እንኳ ወደ ተወው ቤት እንደማይመለስ ያውቅ ነበርና ያን ምዕራፍ ከታሪኩ የማይነጠል አካል አድርጎ ቆጥሮታል። እዚህ ላይ ልጁ እውነት አለው። በሌላ በኩል ደግሞ መጽሐፉን ጨርሶ የማያውቁ ሚሊዮኖች በፊልሙ በር ገብተው አንብበውታል፤ ጃክሰን ራሱ በባክሺ ጎደሎ ፊልም በኩል እንደ ገባ ሁሉ። እንግዲህ ፊልሙን አይቶ መጽሐፉን ገና ያልገለጠ አንባቢ ቢኖር፣ ያቺ የቀረችው ምዕራፍ ወደ መጨረሻው ገደማ ትጠብቀዋለች።