ከሱፍ የተሠራ ስዋን
ፓዚሪክ፣ 5ኛው የመቃብር ጉብታ፣ አልታይ ተራሮች፣ ሳይቤሪያ
ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛ–3ኛ መቶ ዓመት
የታመቀ ሱፍ፣ የአጋዘን ፀጉር፣ እንጨት፤ ቁመት 30 ሴ.ሜ ገደማ
ኸርሚታዥ ሙዚየም፣ ሴንት ፒተርስበርግ

ሱፉ አልተፈተለም፣ አልተሸመነም። በውኃ ርሶና ታሽቶ እርስ በርሱ ከተቆላለፈ በኋላ ተቆርጦ ተሰፍቷል፤ ሆዱም በአጋዘን ፀጉር ተሞልቷል። በእግሮቹ ውስጥ ያለው እንጨት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። በዚያው መቃብር የተገኘውን ሠረገላ ያስጌጥ እንደነበር ይገመታል።

ሱፍ ለብል ምግብ ነው፤ እርጥበት ያበሰብሰዋል፣ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ይህ ወፍ አርኪዮሎጂስቱ ሰርጌይ ሩደንኮ እ.ኤ.አ. በ1949 እስኪያወጣው ድረስ የተረፈው ወደ መቃብሩ የሰረገው ውኃ በረዶ ሆኖ ስለቆየ ነው። ለውኃው መንገድ የከፈቱት ወርቅ ፍለጋ ጉብታውን የቆፈሩ ዘራፊዎች ናቸው፤ የወፉ ባለውለታ ሌቦች መሆናቸው ነው።

ዛሬ በመርፌ እየተወጉ የሚሠሩ የሱፍ ቅርጾችም ጠላቶቻቸው እነዚያው ብል፣ እርጥበትና ብርሃን ናቸው። አይታጠቡም፤ ሙቅ ውኃና እሽታ ያኮማትራቸዋል። አቧራቸው በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫኑ ይነሣል። በሱፍ ላይ የሚያርፍ የኤግዚቢሽን ብርሃን ከ50 ሉክስ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ፎቶ ሲያነሡ ፍላሽ አይጠቀሙ። ሱፉን የሚበላው የብል እሳት እራቷ ሳትሆን ትሏ ስለሆነች፣ በስፌትና በእጥፋት መካከል ይፈልጓት። ብል ከተጠረጠረ ቅርጹ በፕላስቲክ ከረጢት በደንብ ታሽጎ ለሁለት ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ሲወጣ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈት፤ የክፍሉ ሙቀት እስኪደርሰው ጤዛው በፕላስቲኩ ላይ ይረፍ።