ከጊደሯ በፊት መኖው

ማኅበራችን ለአሰላ ዙሪያ ገበሬዎች የተዳቀሉ ጊደሮች ሊገዛ ማሰቡን ስሰማ ደስም አለኝ፣ ስጋትም ገባኝ። ሐሳቡ በአካባቢያችን ሲሞከር የመጀመሪያው አይደለምና።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያና ስዊድን ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ ሁላችንም ካዱ የምንለውን፣ አቋቋሙ። ካዱ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር አዳቀለ፤ አብሮም አጃ፣ ቬችና የመኖ ቀይ ሥር አስተዋወቀ። ላሟ ተወደደች፤ መኖው ወደ ኋላ ቀረ። ስንዴና ገብስ በሚያበቅል መሬት ላይ ማን ሣር ይዘራል? (ስንዴው ሲያዋጣ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን ማፈናቀላቸውንም የአባቶቻችን ትውልድ አይረሳውም።) የተዳቀለች ላም ደግሞ ገለባ ብቻ በልታ ያን ሁሉ ወተት አትሰጥም።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት የመጣው አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት መላ ዘየደ፤ መኖውን በጓሮ፣ በእርከን ላይና በሰብል መካከል ማልማት። ከጓሮ ውጭ ግን ከባድ ነበር። አዝመራ ከተነሣ በኋላ ማሳው የመንደሩ ከብት ሁሉ መዋያ ነው፤ ትሪ ሉሰርን የተከለ ሰው ለጎረቤቱ ከብት ተከለ ማለት ነው። ከኮሎምበስ ወጣ ስንል የምናየው አልፋልፋ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ማሳው ክረምት ከበጋ የባለቤቱ ነው።

ገበያውም አለ። ጾም ሲገባ የወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ያኔ ለመኖ ዘር ብር የሚያወጣ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት አሰላ ያሉት ወገኖቻችን ሁለት ነገር ይጠይቁልን። ጊደር ከሚወስዱት ቤቶች ስንቱ የታጠረ ጓሮ አለው? በዐቢይ ጾምስ ወተታቸውን ማን ይረከባቸዋል?