ባላገሮቹ ከቴሌቪዥን መስኮት የተባረሩበት ዓመት

አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲቋረጥ «ተመልካች አጥቶ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ገበያ ያጣ ዕቃ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ የሚስቅለት ያጣ ቀልደኛም መድረኩን ይለቃል። ይህ ደንብ ያልሠራበት ዓመት ግን በአሜሪካ የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ 1971 እ.ኤ.አ.።

በ1960ዎቹ ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ሕዝቡን ሲያስቅ የኖረው በአመዛኙ በባላገር ነበር። በ1962 የተጀመረው «ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ» በመሬታቸው ነዳጅ ዘይት ተገኝቶ ድንገት ስለ በለጸጉና ከባለጸጎች ሰፈር ስለ ገቡ ተራራማ አገር ሰዎች የሚያወሳ ነው። ሐያስያን ቢያጣጥሉትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሥርጭት ዘመናት በተመልካች ብዛት ከሁሉ አንደኛ ሆነ። በ1965 የተከተለው «ግሪን ኤከርስ» ነገሩን ገልብጦ የኒውዮርኩን ጠበቃ ገበሬ አደረገው፤ ሚስቱ ግን ከተማዋን መርሳት አቃታት። በ1968 «ሜይቤሪ አር.ኤፍ.ዲ.»፣ በ1969 ደግሞ ሙዚቃና ቀልድ የተቀላቀሉበት «ሂ ሆ» ታከሉ።

በ1971 አራቱም ተሰረዙ። አንዳንዶቹ ቀድሞውንም ተዳክመው ነበር እንበል፤ «ሜይቤሪ» ግን በተሰረዘበት ዘመን እንኳ ከአገሪቱ ፕሮግራሞች 15ኛ ነበር።

ታዲያ ጥፋታቸው ምን ነበር? ተመልካቾቻቸው! የቴሌቪዥን ድርጅቱ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። አስተዋዋቂው ቀድሞ «ስንት ሰው አየው?» ይል ነበር፤ ኋላ ግን «ማን አየው?» ማለት ጀመረ። የሚፈልገው ከ18 እስከ 49 ዓመት የሆነውን፣ ኪሱ የማይሳሳውን ከተሜ ነው። የባላገሮቹ ወዳጆች ደግሞ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉና የገጠር ሰዎች ነበሩ። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ የፕሮግራሞቹን ዕጣ በእጃቸው የያዙት የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሮበርት ውድና የፕሮግራም ኃላፊው ፍሬድ ሲልቨርማን ቆረጧቸው። የ«ግሪን ኤከርስ» ተዋናይ ፓት በትረም፣ ድርጅቱ ዛፍ የሚታይበትን ሁሉ ሰረዘ ብሎ ቀልዷል።

እውነቱን ለመናገር፣ በቦታቸው የመጣው ተራ ነገር አልነበረም። በጥር 1971 የተጀመረው የኖርማን ሊር «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የዘር ጥላቻንና የቬትናምን ጦርነት በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ እያሟገተ አሳቀ፤ ለተከታታይ አምስት የሥርጭት ዘመናትም አንደኛ ሆነ። እንግዲህ ውሳኔው ለኮሜዲ ጥበብ ጉዳት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም።

ግን የተባረረውም አልሞተም። «ሂ ሆ» በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች በቀጥታ እየተሸጠ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ራሱ ሲ.ቢ.ኤስ. በ1972 «ዘ ዋልተንስ» የተባለ የአንድ ተራራማ አገር ቤተሰብ ድራማ ጀመረ፤ ይህም እስከ 1981 ዘለቀ። ባላገሩ በአንዱ በር ቢባረር በሌላው ተመልሶ ገባ።

የሚወዱት ኮሜዲ ሲቋረጥ የሚሰማው ቅሬታ የሳቅ ማጣት ብቻ አይደለም። በ1971 ማታ ማታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጡ የነበሩት አዛውንት የተነገራቸው ሌላ ነገር ነው፤ «የእናንተ ሳቅ አይቆጠርም» የሚል። ተመልካች ራሱን ገዢ አድርጎ ይገምታል። በዚያ ገበያ ግን ገዢው አስተዋዋቂው ነበር፤ የሚሸጠውም ተመልካቹ።