የሃያ ዓመት ቃል

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1990 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ከአርባ ዓመት በላይ ተከፍላ የኖረችው ጀርመን ለመዋሐድ ጥድፊያ ላይ ነበረች። ቦን በሚገኘው ምክር ቤት የሚወራው ስለ ውሕደቱ፣ ስለ ገንዘብ ለውጡና ስለ መጪው ምርጫ ነው። በዚያ ግርግር መካከል ሁለት የምክር ቤት አባላት አንዲት አጭር ረቂቅ ሕግ ይዘው ይመላለሱ ነበር። አንደኛው ማቲያስ ኤንግልስበርገር የባቫሪያው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሰው ነበሩ። ከምክር ቤት ሊሰናበቱ የተቃረቡ አንጋፋ ሲሆኑ፣ በየወንዙ ዳር ትንንሽ የውኃ ኃይል ማመንጫ ላላቸው የአገራቸው ሰዎች ጥብቅና የቆሙ ነበሩ። ሁለተኛው ቮልፍጋንግ ዳኒየልስ የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ተወካይ ነበሩ።

ሁለቱ ፓርቲዎች በዚያ ዘመን እሳትና ጭድ ነበሩ። ወግ አጥባቂዎቹ ስማቸው ከአረንጓዴዎቹ ጎን እንዲሰፍር ስላልፈቀዱ፣ ዳኒየልስ የራሳቸውን ስም ትተው ረቂቁ በኤንግልስበርገር ወገን እንዲቀርብ ተስማሙ። ክብሩን ለሌላ ትቶ ሥራውን ማስቀደም በፖለቲካ ሰው ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም፤ ለዚህም ነው ከሁሉ አስቀድሜ ያነሣሁት። ሕጉ በታኅሣሥ 1990 ታወጀ፤ ጥር 1 ቀን 1991 ሥራ ላይ ዋለ። ጥቂት አንቀጾች ብቻ የነበሩት ይህ ሕግ ያዘዘው አንድ ነገር ነው፦ ማንም ሰው ከንፋስ፣ ከፀሐይ ወይም ከአነስተኛ ውኃ ኤሌክትሪክ ቢያመነጭ፣ የአካባቢው የኤሌክትሪክ ኩባንያ እምቢ ሳይል ይግዛው። ዋጋውም በሕግ ተወሰነ። ለንፋስና ለፀሐይ ሸማቹ በአማካይ ከሚከፍለው ታሪፍ 90 በመቶ ይከፈል ነበር።

ትላልቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ይህን ሕግ በጊዜው ብዙም አላከበዱትም። ቀልባቸው ያለው የምሥራቅ ጀርመንን የኤሌክትሪክ ዘርፍ በመውረስ ላይ ነበር። ደግሞስ ጥቂት ገበሬዎችና ወፍጮ ቤቶች ምን ያህል ሊያመነጩ ነው? በ1993 ኩባንያዎቹ በጋዜጣ ባወጡት ማስታወቂያ ፀሐይ፣ ውኃና ንፋስ በረጅም ጊዜ እንኳ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከ4 በመቶ በላይ ሊሸፍኑ እንደማይችሉ ለሕዝብ አስረድተው ነበር። በ2023 ግን ጀርመን ከተጠቀመችበት ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩ የተገኘው ከታዳሽ ምንጭ ነው።

ይህ ሁሉ ከባዶ አልተነሣም። ከጀርመን ሰሜናዊ ድንበር ባሻገር ያለችው ዴንማርክ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ክፉኛ ተመትታ ነበር። የኃይል ፍላጎቷን ከ90 በመቶ በላይ የምትሸፍነው ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ስለነበር፣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ እስከ መከልከል ደረሰ። መፍትሔ ፍለጋው የተጀመረው ግን ከሚኒስትሮች ቢሮ ብቻ አይደለም። ክርስቲያን ሪሳገር የተባለ አናጢ በግቢው ተርባይን ሠርቶ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር አገናኘው። በትቪን ትምህርት ቤቶች የነበሩ መምህራንና ተማሪዎች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በ1978 ግዙፍ የንፋስ ማመንጫ አቆሙ። በዚያው ዓመት የተርባይኖችን ብቃት የሚፈትሽ ጣቢያ በሪሶ የምርምር ማዕከል ተከፈተ፤ በ1979 ደግሞ መንግሥት ፈተናውን ያለፈ ተርባይን ለሚገዛ ሰው ከወጪው 30 በመቶውን መሸፈን ጀመረ። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ተርባይን በጋራ መግዛት ልማድ ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በንፋስ ማመንጫ ላይ ድርሻ ያላቸው የዴንማርክ ቤተሰቦች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። የዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የንፋስ እርሻም በ1991 በቪንደቢ የባሕር ዳርቻ አጠገብ በአሥራ አንድ ተርባይኖች ሥራ ጀመረ።

ወደ ጀርመን እንመለስ። የ1990ው ሕግ ለንፋስ በቂ ነበር፤ ለፀሐይ ግን የሚከፍለው ከወጪው ጋር ፈጽሞ የሚመጣጠን አልነበረም። ይህን ያዩት በአኸን ከተማ ይኖሩ የነበሩ ቮልፍ ፎን ፋቤክ የተባሉ የቀድሞ የጦር መኮንን ነበሩ። በ1986 ቼርኖቤል የደረሰው የኒውክሌር አደጋ ያሳሰባቸው እኚህ ሰው፣ በዚያው ዓመት የፀሐይ ኃይልን የሚደግፍ ማኅበር ከወዳጆቻቸው ጋር አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። በጣሪያው ላይ ሶላር የሚተክል ሰው ወጪውን የሚመልስለት ዋጋ ይከፈለው፤ ገንዘቡም በከተማው የኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ በሚደረግ ጥቂት ጭማሪ ይሸፈን። ከዓመታት ክርክር በኋላ አኸን በ1995 ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2 ማርክ መክፈል ጀመረች። ሌሎች ከተሞችም በዚሁ መንገድ ሄዱ።

ኸርማን ሼርና ሀንስ ዮሴፍ ፌል የከተሞቹን ተሞክሮ ወደ አገር አቀፍ ሕግ አመጡት። ሼር የሶሻል ዴሞክራቱ ፓርቲ ሰው ነበሩ፤ ፌል ደግሞ ከአረንጓዴዎቹ። የሁለቱ ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት ሥልጣን ላይ በነበረበት ወቅት የታዳሽ ኃይል ሕጉ ሚያዝያ 1 ቀን 2000 ሥራ ላይ ዋለ። ለእያንዳንዱ የኃይል ዓይነት ወጪውን ያገናዘበ ዋጋ ተቆረጠ፤ ለፀሐይ በኪሎ ዋት ሰዓት 99 ፕፌኒግ፣ ማለትም 0.99 ማርክ ሆነ። ዋጋው ለሃያ ዓመት አይነካም ነበር። በሌላ በኩል አዲስ ለሚተከለው የሚሰጠው ዋጋ በየዓመቱ ዝቅ እያለ ይሄድ ስለነበር፣ ቀድሞ የገባ ይጠቀም፣ አምራቹም ወጪ ለመቀነስ ይገደድ ነበር። ክፍያው የሚሰበሰበው ከመንግሥት ካዝና ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ተጠቃሚው ሂሳብ ነበር።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቆይ። የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ወጪው በዕድሜው ሁሉ የተበተነ ነው፤ ዛሬ ይገነባል፣ ነዳጁ ግን በየወሩ ይገዛል። ንፋስና ፀሐይ ነዳጅ አይጠይቁም። ከወጪያቸው አብዛኛው ተርባይኑ ወይም ሰሌዳው በሚተከልበት ቀን ይወጣል፤ ያም ገንዘብ በአመዛኙ ብድር ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን ዋጋ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ባንኩ የሚጠይቀው ወለድ ነው ማለት ይቻላል። ባንክ ደግሞ ወለድ የሚቆርጠው ስጋቱን አይቶ ነው። የሰሜን ጀርመን ገበሬ የሕጉን ቅጂ ይዞ ወደ ሰፈሩ ቁጠባ ባንክ ሲሄድ፣ ባንኩ የሃያ ዓመት ገቢውን በወረቀት ላይ አስልቶ ማየት ይችል ነበር። ስለዚህም በአነስተኛ ወለድ ያበድረው ነበር። በ2012 በጀርመን ከተተከለው የታዳሽ ኃይል አቅም ግማሽ ያህሉ በገበሬዎች፣ በግለሰቦችና በሕዝብ ማኅበራት እጅ እንዲሆን ያስቻለው ከምንም በላይ ይህ ነው። በእኔ እምነት፣ ስለ አውሮፓ የኃይል ፖሊሲ ሲወራ ስለ ድጎማ መጠን ብዙ ይባላል፤ ስለ ቃል ጽናት ግን የሚገባውን ያህል አይነገርም።

ሕጉ ጠላት አላጣም። የአውሮፓ ኮሚሽን ሹማምንት ብዙዎቹ ዋጋ በሕግ መቁረጥን ከነፃ ገበያ ጋር የሚጋጭ አድርገው ያዩት ነበር። በፕሮይሰን ኤሌክትራ ኩባንያ ክስ የ1990ው ሕግ ሉክሰምበርግ በሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። ጥያቄው ይህ ክፍያ የተከለከለ የመንግሥት ድጎማ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። መጋቢት 13 ቀን 2001 ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ ከመንግሥት ሀብት ስላልወጣ ድጎማ አይደለም ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያውን የታዳሽ ኤሌክትሪክ መመሪያ አወጣ፤ በ2009 ደግሞ አባል አገራት በ2020 በድምሩ ከጠቅላላ የኃይል ፍጆታቸው 20 በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሌላ መመሪያ ተከተለ። ግቡ በሰዓቱ ተመትቷል፤ በ2020 ድርሻው 22 በመቶ ደርሶ ነበር።

የስፔን ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ2007 የማድሪድ መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ ለአነስተኛ የፀሐይ ማመንጫዎች በኪሎ ዋት ሰዓት 44 የዩሮ ሳንቲም ያህል ለ25 ዓመት እንደሚከፍል አስታወቀ። ዜጎችንም ፀሐይ የእናንተ ልትሆን ትችላለች በሚል ቅስቀሳ ቁጠባቸውን እንዲያፈስሱ አበረታታ። የታቀደው 400 ሜጋ ዋት አካባቢ ነበር፤ በ2008 ብቻ ከ2,500 ሜጋ ዋት በላይ ተተከለ። ከፀሐያማዋ አገር ዳር እስከ ዳር ጡረተኛው፣ አስተማሪው፣ ገበሬው፣ ቤቱን አስይዞ የተበደረውም ጭምር ገባበት። ጀርመን ዋጋዋን በየዓመቱ ዝቅ ስታደርግ፣ ስፔን ግን ዋጋውን ከፍ አድርጋ በሩን ለረጅም ጊዜ ክፍት ተወችው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የመብራት ታሪፍ ከወጪው በታች እንዲቆይ መደረጉ ነው፤ ልዩነቱ እየተጠራቀመ ከ20 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ ዕዳ ወለደ።

የዓለም የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ መንግሥት ቃሉን አጠፈ። በ2010 ክፍያ የሚያገኙባቸው ሰዓታት ተገደቡ። በ2012 መጀመሪያ ለአዲስ ማመንጫ የሚሰጠው ድጋፍ ታገደ። በ2013 የቀድሞው የክፍያ ሥርዓት ከነጭራሹ ተሽሮ፣ ቀድሞ የተተከሉትም ጭምር መንግሥት ተገቢ ትርፍ ብሎ በሚተምነው ልክ እንዲከፈላቸው ተደረገ። በ2015 ደግሞ በራሱ ጣሪያ ላይ አመንጭቶ የሚጠቀም ሰው ሳይቀር ክፍያ ተጣለበት፤ ሕዝቡ የፀሐይ ግብር አለው። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለው የአባቶች ብሂል እዚህ ላይ ቢጠቀስ አይበዛም። ከ60 ሺህ የሚልቁ የስፔን ቤተሰቦች መንግሥታቸውን አምነው የገቡበትን ዕዳ ብቻቸውን ተሸከሙ።

ፍትሕ ፍለጋውም እኩል አልነበረም። የአገሬው ባለሀብት ወደ አገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2015 ለውጡ ሕጋዊ ነው አለ። የውጭ ኩባንያዎችና የኢንቨስትመንት ፈንዶች ግን የኃይል ቻርተር ስምምነት በተባለው ዓለም አቀፍ ውል አማካይነት ግልግል ዳኝነት ጠየቁ፤ ከአርባ በላይ ክሶች ቀረቡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ተፈረደላቸው። አንድ ዓይነት ሰሌዳ በአንድ ዓይነት ሜዳ ላይ ተክለው፣ የውጩ ካሣ የሚጠይቅበት በር ሲኖረው የጡረተኛው በር ተዘጋ። ይህን በየትኛውም ሚዛን ፍትሕ ልለው አልችልም።

የጀርመኑ መንገድም እንከን አልባ አይደለም። በ2004 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ዩርገን ትሪቲን ሸክሙ ለአንድ ቤተሰብ በወር ከአንድ ማንኪያ አይስክሬም ዋጋ አይበልጥም ብለው ነበር። በ2017 ግን በኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ የሚደረገው ጭማሪ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6.88 የዩሮ ሳንቲም ደረሰ። ከባድ ኢንዱስትሪዎች ከክፍያው በአብዛኛው ነፃ ሲደረጉ፣ የራሷ ጣሪያ የሌላት ተከራይ እናት ሙሉውን ትከፍል ነበር። ጭማሪው በሐምሌ 2022 ቀርቶ ወጪው ወደ መንግሥት በጀት እስኪዞር ድረስ ይህ አድልዎ ቀጥሏል። በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ የፀሐይ ሴል አምራች የነበረው የጀርመኑ ኪው ሴልስም የቻይናን ፉክክር መቋቋም ተስኖት በ2012 ለኪሳራ ተዳርጓል።

ያም ሆኖ ጀርመናውያን በየወሩ በሂሳባቸው የከፈሉት ገንዘብ ለዓለም የሶላር ገበያ ፈጥሯል፤ ገበያው ፋብሪካን፣ ፋብሪካውም የዋጋ ቅናሽን አመጣ። ዛሬ በእኛ ገጠር መብራት ባልደረሰበት ቤት ጣሪያ ላይ የሚታየው ትንሽ ሰሌዳ አቅምን ያገናዘበ ዋጋ ሊኖረው የቻለው በከፊል በዚያ ገንዘብ ነው። የንፋሱም ነገር እንዲሁ ነው። በመቀሌ አቅራቢያ በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ የንፋስ ኃይል ማመንጫ 120 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ሲሆን፣ የገነባው ቬርኜ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው።

የታዳሽ ኃይል ዋጋ ሲወርድ የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓቱን ቀየረ። ከ2014 ጀምሮ ድጋፍ በጨረታ እንዲሰጥ ግፊት ተደረገ። ጀርመን በ2015 ባካሄደችው የመጀመሪያ የፀሐይ ጨረታ አማካይ ዋጋው 9 ሳንቲም ግድም ነበር፤ በ2018 መጀመሪያ ከ4.5 ሳንቲም በታች ወረደ። ለሸማቹ ትልቅ ድል ነው። ገበሬውና የመንደር ማኅበሩ ግን ጨረታው ከሚጠይቀው የቅድሚያ ወጪና መሸነፍ ከሚያስከትለው ኪሳራ ጋር መታገል አቃታቸው፤ መስኩ እየዋለ እያደረ ወደ ትላልቅ ኩባንያዎች አዘነበለ። ሕዝቡ የራሴ የሚለው ተርባይን ሲቀንስ ተቃውሞው እንደሚበረታ መጠርጠር ነበረበት ባይ ነኝ።

ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወርር የጋዝ ጥገኝነት ዋጋው ምን እንደሆነ አውሮፓ በአንድ ክረምት ተረዳች። ኅብረቱ በግንቦት ወር አዲስ ዕቅድ አወጣ፤ በ2023 ደግሞ የ2030 ግቡን ወደ 42.5 በመቶ አሳደገ። በ2024 የጸደቀው የኤሌክትሪክ ገበያ ማሻሻያ ባለ ሁለት አቅጣጫ የልዩነት ውል የሚባለውን አስፋፋ። አሠራሩ ግልጽ ነው። መንግሥትና አምራቹ አንድ ዋጋ ይስማማሉ፤ የገበያው ዋጋ ከዚያ ሲወርድ መንግሥት ልዩነቱን ይሞላል፣ ሲወጣ ደግሞ አምራቹ ትርፉን ይመልሳል። አምራቹ የተረጋጋ ገቢ ያገኛል፤ ሕዝቡም ዋጋ በተሰቀለ ጊዜ ድርሻ አለው። ከ1990ው ሕግ መንፈስ ጋር የሚስማማ፣ በሸማቹ በኩል ግን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የስፔን የግልግል ክርክር እስከ ቅርብ ጊዜ አልተዘጋም። ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ካሣ ተፈርዶባት ባለመክፈሏ ባለመብቶቹ በሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶች ሲያሳድዷት ቆይተዋል። በመጋቢት 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን ከካሣዎቹ አንዱን መክፈል ሕገ ወጥ ድጎማ እንደሚሆን ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ኅብረቱ ራሱ ከኃይል ቻርተር ስምምነቱ ወጣ። በጀርመን የ2000ው ሕግ በተለያዩ መንግሥታት ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በየማሻሻያው የሚለወጠው ግን አዲስ ለሚተከለው የሚሰጠው ዋጋ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ የንፋስና የፀሐይ ማመንጫዎች የተገባው የሃያ ዓመት ዋጋ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድረስ ተከፍሎ አበቃ።