የኪቦርዱን ግራ እጅ ያሳረፈው ቤዝ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሑድ እሑድ ሁለት ጊዜ የሚሞላ የቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ አለ። ጠዋት ያመለኩት አሜሪካውያን እኩለ ቀን ላይ ወጥተው ሲያልቁ፣ አዳራሹን ከእነርሱ የተከራዩት ኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ይገባሉ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያላቸው። ዕቃ ማውረዱም፣ መዝሙሩም፣ ስብከቱም፣ ጸሎቱም፣ ዕቃ መሰብሰቡም በዚያችው ውስጥ ነው። በጥር ውርጭ ከመኪና የሚወርድ ዕቃ ክብደቱ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ቤዚስቱ በአንድ እጁ ጊታሩን፣ በሌላው የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ሣጥን፣ አምፑን፣ አንጠልጥሎ ደረጃውን ይወጣል። አምፑ 40 ዋት ነው፤ ከ8 ኪሎ ብዙም አያልፍም።

ይህቺን ትንሽ ሣጥን እስኪመርጥ ድረስ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል።

አገር ቤት ሳለ በሚያመልክበት አጥቢያ ቤዝ ጊታር አልነበረም። ቤዝ ግን ነበር፤ የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ። ቀኝ እጁ ዜማውን ሲከተል ግራው ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፤ ከበሮውን ደግሞ ኪቦርዱ ውስጥ የተጫነው ምት ይመታል። አንዱ ሰው ሙሉ ባንድ ነበር። ድምፁም የሚወጣው መድረኩ ግራና ቀኝ ከቆሙት ሞንታርቦዎች ነው። የጣሊያን ፋብሪካ ስም ለማንኛውም ትልቅ ስፒከር መጠሪያ ሆኖ የቀረው በእኛ አገር ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥም ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የሚሉት።

ልማዱን ያመጣው የገንዘብ እጥረት ብቻ አልነበረም። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶቻቸው የተዘጉባቸው አማኞች በየሰው ቤት ተደብቀው ሲሰበሰቡ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሚዘምሩት ድምፃቸውን ውጠው ነበር። መዝሙር በካሴት ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመዝሙሩ ጉልበት ከመሣሪያው ይልቅ ቃሉ ላይ አረፈ። አንድ መዝሙር ብዙ ስንኝ አለው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ምስክርነት ነው፤ አድማጩ አንዲት ቃል ካመለጠችው ትርጉሙ ያመልጠዋል። ቤዚስቱ አሜሪካ ከገባ በኋላ ያጋጠመው ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል ያመጣቸው ኢትዮጵያውያን፣ ቀጥሎም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዲቪ የተከተሏቸው፣ በዋሽንግተን ዙሪያ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ነበር የሚጸልዩት። ሳሎኑ ሲጠብብ አዳራሽ ተከራዩ። የተከራዩት አዳራሽ መድረክ ላይ ደግሞ አገር ቤት ያላዩት ነገር ይጠብቃቸው ነበር፤ በመስታወት መሰል ፕላስቲክ የተከለለ ድራም፣ ኦርጋን፣ ከኦርጋኑ ጎን የቤዝ አምፕ።

የአከራዮቹ ጉባኤ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። ቤዚስታቸው በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሆን ባለ አምስት ክር ቤዝ ይጫወታል። የተራው ባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ አምስተኛው ክር ወደ 31 ይወርዳል። በጥቁር አሜሪካውያን ጎስፕል ቤዝ አጃቢ ብቻ አይደለም፤ ሰባኪው ሲናገር ይመልስለታል፣ ዘማሪው ሲያርፍ ክፍተቱን ይሞላል። ከዲትሮይት የተነሣው ፍሬድ ሃመንድ ስሙ በዘማሪነት ቢገንንም ቤዝ ተጫዋችም ነው። የእኛው ወጣት በሩ ላይ ቆሞ የአከራዮቹን ልምምድ ሲሰማ ከረመ። ያን ጊዜ ነው ኪቦርዲስቱን «ግራ እጅህን ላሳርፍልህ» ያለው።

የመጀመሪያው ግዢ ስሕተት ነበር። ያገለገለ 300 ዋት አምፕ ገዛ፤ ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ብዙ ቤዚስቶች የሚመኙት ትልቅ ነገር ነው፤ ምኞቱም ምንጭ አለው። አምፔግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ኤስቪቲ የተሰኘውን 300 ዋት አምፕ ከስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ጋር ሲያወጣ፣ ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት ይዘውት አሜሪካን ዞሩ። የስፒከሩ ሣጥን ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያ መሣሪያ የተሠራው እልፍ ሰው ለሚጮኽበት ስፍራ ነው። መቶ ሃምሳ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ለሚጸልይበት አዳራሽ የታሰበ አልነበረም።

አምፑን መድረኩ ጥግ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሲጫወት ራሱን አይሰማም፤ ስለዚህ ይጨምራል። አሁንም አይሰማም፤ ደግሞ ይጨምራል። የግድግዳው ሰዓት ይንቀጠቀጣል፤ ታች ፎቅ ያሉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጣሪያውን አንጋጠው ያያሉ። ከአምልኮ በኋላ ሁልጊዜ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡ እናት ወደ እሱ መጡ። አልተቆጡም። እጁን ይዘው፣ «ልጄ፣ ተባረክ። ደረቴን መታኝ፤ ቃሉን ግን አልሰማሁትም» አሉት። «እሺ፣ እማማ» አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

እናቲቱ የተናገሩት ነገር ሳይንስ አለው። ወፍራም ድምፅ ሲጎላ ከእሱ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይሸፍናል፤ ተቃራኒው ግን እምብዛም አይሆንም። የአማርኛ ቃል ከቃል የሚለይባቸው እንደ ሰ፣ ሸ፣ ጸ ያሉ ድምፆች ደግሞ ጉልበታቸው በሰከንድ ከ2,000 ርግብግቢት፣ ማለትም ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ ቀጫጭንና ስሶች ናቸው። ቤዙ ሲያጥለቀልቅ ቀድመው የሚሰጥሙት እነርሱ ናቸው። «ጸጋ» የነበረው ለኋላ ረድፍ «…ጋ» ሆኖ ይደርሳል። ታዲያ ያ ሕዝብ ለምን መጣ?

መፍትሔውን ያሳየው የአከራዮቹ ሽማግሌ ቤዚስት ነው። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ምንም ሳይናገር አምፑን ከጥጉ ጎትቶ አወጣው። የ41 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከግድግዳና ከጥግ አጠገብ ሲነሣ ይጠራቀማል፣ ያጓራል። ከዚያ ወንበር አምጥቶ፣ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፎ፣ አምፑን በላዩ ላይ ወደ ወጣቱ ፊት አዘንብሎ አቆመው። «ቁርጭምጭሚትህ ጆሮ የለውም» አለው። ወለል ላይ ያለ ስፒከር ጥርት የሚያደርገውን የላይኛውን ድምፅ የሚልከው በተጫዋቹ እግር መካከል ነው። ባዶ የእንጨት መድረክ ደግሞ ራሱ እንደ ከበሮ ይነዝራል። ወጣቱ የድምፁን ቁልፍ ግማሽ ያህል ቀነሰው፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቱ የሚሠራውን በግልጽ ሰማ።

ዋትም ሲታይ እንደሚመስለው አይደለም። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ጉልበቱ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት፤ ስለዚህ 300 ዋት ከ40 ዋት ሲነጻጸር እጥፍ እንኳ አይሞላም። ይህን ሲረዳ ትልቁን ሸጦ ባለ 10 ኢንች የፌንደር ራምብል 40 ገዛ። ለሕዝቡ የሚደርሰው ድምፅ ከአምፑ መምጣቱ ቀረ። ቤዙ ዲአይ ቦክስ በምትባል የእጅ መዳፍ በምታክል ሣጥን በኩል ድምፆችን ወደሚያቀላቅለው ሚክሰር ይገባና በአዳራሹ ስፒከሮች ይወጣል። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ ዲትሮይት በሚገኘው የሞታውን ስቱዲዮ በ1960ዎቹ ጄምስ ጄመርሰን የተጫወታቸው ብዙ የቤዝ ቅጂዎች በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የገቡ ነበሩ። ጄመርሰን ክሮቹ ሥር ስፖንጅ ይወትፍ ነበር፤ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፣ አይጎተትም። ወጣቱ ይህንንም ወሰደ፤ ምክንያቱ ግን የራሱ ነበር። ጭክጭካ ሲመታ የከበሮው ሰፊ ፊትና ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ቤዙ ከተጎተተ ሁለቱ ይጨፈላለቃሉ፤ ቤዙ ካጠረ ከበሮው ይተነፍሳል።

ሚክሰሩ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። መጀመሪያ የተሰካ ቀን «ሁምምም» የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው። አምፑና ሚክሰሩ ከተለያዩ ሶኬቶች ሲነሡ በመሬት መስመራቸው በኩል ቀለበት ይሠራሉ፤ የመብራቱ ኃይል ንዝረት በዚያ ይገባል። በአሜሪካ ንዝረቱ 60 ኸርዝ ነው፤ ከቢ ኖታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ በቢ የሚዘመር መዝሙር ሁሉ የተበላሸ ቅኝት ያለው ይመስላል። በኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሁምታው ወደ ጂ የተጠጋ ነው። መድኃኒቱ በዲአይ ቦክሷ ላይ የመሬት መስመሩን የምታላቅቅ ትንሽ ቁልፍ ናት። የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር የሚሰብሩ አሉ፤ ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም። ከንፈሩን ማይክ ላይ፣ እጁን ክር ላይ ያደረገ ዘማሪ በዚያ ምክንያት ሊሞት ይችላል።

ዛሬ ብዙ ትልልቅ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት መድረካቸው ላይ አምፕ የሚባል የለም፤ ሙዚቀኞቹ ሁሉ ጆሯቸው ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ ይሰማሉ። የድምፅ ክፍሉ ወጣቶችም እንዲያ ይሁን ብለው ነበር። ቤዚስቱ እንቢ አለ፤ ልክም ነበር። የእኛ መዘምራን ሠላሳ ሰው ናቸው፤ ለሠላሳ ጆሮ ማዳመጫ አይገዛም። ደግሞ በተጻፈው ብቻ አይሄዱም፤ መንፈሱ ሲመራቸው አዝማቹን አምስቴ ይደግማሉ፣ ፍጥነቱን ይጨምራሉ። በዚያች ቅጽበት መሬቱ የት እንዳለ የሚነግራቸው ከጀርባቸው ወንበር ላይ ያለችው ትንሽ አምፕ ናት። ጀርባቸው ይሰማታል፣ ሕዝቡ ግን አያውቃትም።

የድምፁ ልክ ጉዳይም አለ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኛ ጆሮ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲደርስ 4 ሰዓት፣ 91 ሲደርስ 2 ሰዓት። ሚክሰሩ አጠገብ ያለው ልጅ ስልኩ ላይ መለኪያ ከፍቶ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለው መለኪያ ብዙውን ጊዜ የወፍራሙን ድምፅ ክብደት አሳንሶ ስለሚቆጥር፣ ቤዚስቱ በቁጥሩ ብቻ አይረካም። በልምምድ ቀን ሁለተኛው ረድፍ ድረስ ሄዶ፣ እናቲቱ በሚቀመጡበት ወንበር ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ቤዙን ሲመታለት ግጥሙን ያዳምጣል።

ባለፈው ዓመት ጉባኤው አዋጥቶ ሐዋሳ ላለች አጥቢያ አምፕ ላከ። ሊገዙ ያዩት የመጀመሪያው በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ነበር፤ በኢትዮጵያ 220 ላይ ቢሰካ ፊውዙ ይሄዳል፣ ባሰ ጊዜም ትራንስፎርመሩ። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ፈልገው አገኙ፤ ሻንጣ ውስጥ በጋቢ ተጠቅልሎ ሄደ። ዲአይ ቦክስም አብሮ ተላከ፤ ከላዩ ላይ ቤዚስቱ በእጁ፣ «ጥግ ላይ አታስቀምጡት» ብሎ የጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል።

ከ10 ሰዓት 15 ደቂቃ ሲቀር ገመድ ይጠቀለላል። አሁን ቤዙን በየሁለት ሳምንቱ የምትጫወተው እዚያው ተወልዳ ያደገች የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ ግጥሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ትይዛለች። የአምፑ ድምፅ ቁልፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ አንዲት የእስክሪብቶ መስመር አለችው። ትንሿ አምፕ የመጣች ቀን ሽማግሌው አሜሪካዊ ያቆመበት ቦታ ነው። ልጅቷ ስትሰካ መጀመሪያ የምታየው ያቺን መስመር ነው። ከዚያ ቀና ብላ ሁለተኛውን ረድፍ ታያለች፤ እማማ እጃቸውን ያወዛውዙላታል።