ነርቭን በማደንዘዝ ሕማምን ስለ ማስታገሥ

በዕድሜ የገፉ ሰው አዳልጧቸው ወድቀው የጭናቸው አጥንት ከዳሌው መጋጠሚያ አጠገብ የተሰበረ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ የሚከፋባቸው ከአልጋ ወደ ቃሬዛ ሲያዛውሯቸው የሚሰማቸው ሕማም ነው። ሞርፊን ቢሰጣቸው ሕማሙ ይቀልላቸዋል፤ ነገር ግን አእምሯቸው ሊደናገር፥ ትንፋሻቸውም ሊደክም ይችላል። ስለዚህ የዛሬ ሐኪሞች በብሽሽት አጠገብ መርፌ ወግተው ወደ ጭን የሚወርደውን ነርቭ ያደነዝዙታል፤ የሕማሙም ወሬ ወደ አንጎል እንዳይደርስ መንገዱ ይዘጋል። እኛ ልንናገር የፈለግነው ይህ ጥበብ በማን ገላ ላይ ተፈትኖ እንደ ተገኘ ነው።

መነሻው ቪየና ነው። በ1884 (ዓመታቱን የምንቆጥረው እንደ ኤውሮፓ ነው) ካርል ኮለር የሚባል ወጣት ሐኪም ኮካይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ በእንስሳት፥ ቀጥሎም በራሱ ዓይን ሞክሮ ደረሰበት። ግኝቱ በሃይደልበርግ ለዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ሲቀርብ፥ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውምና ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሰው ነበር።

ወሬው ኒው ዮርክ በደረሰ ጊዜ ዊልያም ሃልስተድና ባልደረባው ሪቻርድ ሆል ኮካይኑን በመርፌ ወደ ነርቩ ሥር አስገቡት፤ አንድ ነርቭ በደነዘዘ ጊዜ ስሜቱን ከእርሱ የሚያገኘው የአካል ክፍል ሁሉ እንደሚደነዝዝ አስረዱ። ነርቭን ለይቶ የማደንዘዝ ሥራ ያን ጊዜ ተጀመረ። ነገር ግን የሚፈትኑት በየራሳቸው ገላ ስለ ነበረ ኮካይኑ ሱስ ሆነባቸው። ሃልስተድ በኋላ በባልቲሞር፥ በጆንስ ሆፕኪንስ፥ እጅግ የታወቀ የቀዶ ሕክምና መምህር ለመሆን ቢበቃም ከሱስ ፈጽሞ አልተላቀቀም፤ በኮካይኑ ፈንታ የተሰጠው ሞርፊን ዕድሜውን ሁሉ ተከተለው። ዛሬ ሽማግሌዎችን ከሞርፊን ጉዳት የሚጠብቀው ጥበብ ጀማሪውን ለሞርፊን አሳልፎ መስጠቱ እኛን ሁልጊዜ ይደንቀናል።

በ1898 ደግሞ በጀርመን አገር፥ በኪል ከተማ፥ አውጉስት ቢር መድኃኒቱን በአከርካሪ አጥንት መካከል አስገባ። ረዳቱ ሂልደብራንት ገላውን ለፈተና ሰጠ፤ ቢርም ቅልጥሙን በብረት መዶሻ ቢመታው ሕማም አልተሰማውም። በማግስቱ ግን ሁለቱም ታመሙ፤ ቢር ቀና ባለ ቁጥር ራሱን እያመመው ዘጠኝ ቀን ያህል ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች መጡ፤ በ1905 ኖቮካይን ለሕክምና ዋለ፤ በ1943 ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን ሊዶካይንን ሠራ። በ1989 ፈረንሳዊው ዳላንስና ባልደረቦቹ መርፌውን ከነርቩ አርቀው፥ መድኃኒቱን በጡንቻው ስስ ሽፋን ሥር ማፍሰስን በሕፃናት ሞክረው አሳዩ። ለሕፃናት የታሰበው ዘዴ የሽማግሌዎች ሆነ። ዛሬ በብዙ አገር ሕመምተኛው ገና ወደ ቀዶ ሕክምና ሳይገቡ፥ ድንገተኛ ክፍል እንደ ደረሱ ይወጋሉ፤ በግማሽ ሰዓትም ውስጥ እግራቸውን ሲያንቀሳቅሱላቸው ሕማሙ ይቀንስላቸዋል።